«ዛሬ አይሆንም» ባዮቹ

ሮኬት ሲነሳ የሚያጨበጭብ ሞልቷል። እኔ የማደንቀው «ዛሬ አይሆንም» የሚሉትን የአሜሪካው የሮኬት ማስወንጨፊያ የኬፕ ካናቨራል የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 2020 ሁለት ጠፈርተኞች ታጥቀው ተቀምጠው፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንትም ሊያዩ መጥተው ሳለ፣ ሊተኮስ 17 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው በረራው ተሰረዘ። ድፍረት ይሏል ይህ ነው! ስጋቱ ሮኬቱ ራሱ መብረቅ እንዳይጠራ ነበር። ረጅሙ የብረት አካልና ከኋላው የሚተፋው ነበልባል ኤሌክትሪክ ባዘለ ደመና ሲያልፉ፣ ያልነበረውን መብረቅ ይቀሰቅሳሉ። የጨረቃ ተጓዡ አፖሎ 12 እ.ኤ.አ. በ1969 ከተነሳ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው ሁለት ጊዜ የተመታው እንዲሁ ነው። እሱስ ተረፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የተተኮሰው አትላስ ሴንቶር ሮኬት ግን ከነሳተላይቱ ጠፋ። ዛሬ መሬት ላይ የተተከሉ መሣሪያዎች የአየሩን የኤሌክትሪክ ኃይል ይለካሉ፤ ልኬቱ ካልፈቀደ ማንም ቢለምን አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ2020 በረራቸው የተሰረዘባቸው ሁለቱ ጠፈርተኞች ከሦስት ቀን በኋላ በደህና ተነሱ።