ከፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ጨረር መቼ ይሰጥ? የራዲካልስ ጥናትና አነባበቡ

የፕሮስቴት ዕጢ በቀዶ ሕክምና ከተወገደ በኋላ የፓቶሎጂ ምርመራው ካንሰሩ የዕጢውን ሽፋን ጥሶ መውጣቱን ወይም የተቆረጠው ጠርዝ ከካንሰር ነፃ አለመሆኑን በሚያመለክትበት ጊዜ ሐኪሙ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይመርጣል። አንደኛው በጥቂት ወራት ውስጥ በዕጢው ሥፍራ ላይ ጨረር መስጠት ነው። ሁለተኛው የፒ.ኤስ.ኤ.ን መጠን በደም ምርመራ እየተከታተሉ መቆየትና መጠኑ ማደግ ሲጀምር ብቻ ጨረሩን መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ሦስት ጥናቶች በተቀራራቢ ጊዜ ከታተሙ ወዲህ ክርክሩ በሁለተኛው መንገድ አሸናፊነት ተዘግቷል የሚሉ በርካታ ናቸው። ይህ አነባበብ ለአብዛኛው ታማሚ ትክክል ቢሆንም በሁለት ቦታ ላይ ከማስረጃው አልፎ ይሄዳል።

ቀደም ሲል ወዲያው የሚሰጥ ጨረርን ያስመረጡት በሰሜን አሜሪካ የተካሄደው ስዎግ 8794፣ የአውሮፓው ኢ.ኦ.አር.ቲ.ሲ. 22911 እና የጀርመኑ ኤ.አር.ኦ. 96-02 ጥናቶች ነበሩ። ሦስቱም ወዲያው ጨረር የተሰጣቸው ሰዎች የፒ.ኤስ.ኤ. ማገርሸት እንደቀነሰላቸው አሳይተዋል። ዕድሜ ማራዘሙን ያሳየው ግን 425 ታማሚዎችን የያዘው ስዎግ ብቻ ሲሆን፣ 1005 ሰዎችን ያካተተው የአውሮፓው ጥናት በአሥር ዓመት ክትትሉ ይህን አላረጋገጠም። ከሁሉም በላይ መዘንጋት የሌለበት፣ በእነዚህ ጥናቶች የንጽጽሩ ቡድን ፒ.ኤስ.ኤ. ገና ጥቂት ከፍ እንዳለ ጨረር እንዲያገኝ የሚያስገድድ ደንብ ያልነበረው መሆኑ ነው። በስዎግ ጥናት ከንጽጽሩ ቡድን ጨረር ያገኘው ሲሶው ገደማ ብቻ ነበር። ስለዚህ የተወዳደሩት «አሁን» እና «በጊዜው» ሳይሆኑ «አሁን» እና «በጣም ዘግይቶ ወይም ፈጽሞ» ነበሩ ማለት ይቻላል።

ራዲካልስ ይህን ጉድለት ለማረም የታቀደ ጥናት ነው። በእንግሊዝ፣ በዴንማርክ፣ በካናዳና በአየርላንድ 1396 ሰዎች የተካፈሉበት ሲሆን፣ ክትትል በተመደበለት ቡድን ፒ.ኤስ.ኤ. 0.1 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሲደርስ ወይም በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሲጨምር ጨረር ይጀመር ነበር። በአምስት ዓመት የፒ.ኤስ.ኤ. ማገርሸት ያልታየባቸው ወዲያው ጨረር ከተሰጣቸው 85 በመቶ፣ ከተጠባበቁት ደግሞ 88 በመቶ ሆኑ። የአውስትራሊያና የኒውዚላንዱ ራቭስ እንዲሁም የፈረንሳዩ ጌቱግ 17 ተጨምረው በአርቲስቲክ የጋራ ትንተና 2153 ሰዎች ሲመረመሩ ልዩነቱ በአምስት ዓመት አንድ በመቶ ብቻ ነበር። ከተጠባበቁት መካከል እስከ ትንተናው ጊዜ ጨረር የጀመሩት 39 በመቶ ገደማ ነበሩ። የቀሩት ያለ ጨረር ቆይተዋል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ጨረሩ የራሱ ዋጋ አለውና፤ በራቭስ ጥናት መካከለኛና ከዚያ በላይ የሆነ ዘግይቶ የሚታይ የሽንት አካላት ጉዳት ወዲያው በተሰጣቸው 70 በመቶ፣ በተጠባበቁት 54 በመቶ ተመዝግቧል። በጌቱግ ደግሞ 27 በመቶና 7 በመቶ ነበር። ሽንቱን መቆጣጠር ላቃተው ሰው እነዚህ አኃዞች የዕለት ኑሮው ናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚነሳው ከመለኪያው ነው። የራዲካልስ ዋና መለኪያ ካንሰሩ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ሩቅ አካል አለመሰራጨቱ እንጂ እ.ኤ.አ. በ2020 የተነገረው የፒ.ኤስ.ኤ. ውጤት አልነበረም። ዋናው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ ሥርጭት ያልታየባቸው 93 በመቶ እና 90 በመቶ ሆነው ተገኙ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ አልጸናም፤ በሕይወት መቆየትም በሁለቱ ቡድኖች እኩል ለማለት የሚያስደፍር ነው፤ 88 እና 87 በመቶ። ሆኖም «ልዩነት አልተረጋገጠም» ማለት «ልዩነት የለም» ማለት አይደለም። ራቭስና ጌቱግም የታቀደላቸውን የታማሚ ቁጥር ሳይሞሉ ምዝገባቸው የተዘጋ ጥናቶች ናቸው፤ ራቭስ መጠበቅ ከሌላው እንደማያንስ ለማረጋገጥ ራሱ ያስቀመጠውን መስፈርት አላሟላም። ይህን የሚጠቅሱ ጥቂቶች ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ ታማሚዎቹን ይመለከታል። ወደ ራዲካልስ ለመግባት አንድ የአደጋ ምልክት ብቻ ይበቃ ነበር፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ፒ.ኤስ.ኤ. 10 እና ከዚያ በላይ መሆኑ እንኳ። በዚህም ምክንያት የግሊሰን ውጤታቸው ከ8 እስከ 10 ሆኖ ካንሰሩም ከዕጢው የወጣባቸው፣ እንዲሁም የሊምፍ ዕጢያቸው የተነካባቸው ሰዎች በሦስቱም ጥናቶች አናሳ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ከ26 ሺህ በላይ ሰዎችን የያዘ የኋላ መዝገብ ጥናት እንዲህ ላሉት ወዲያው ጨረር መስጠት ከሞት መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል። የመዝገብ ጥናት በዕጣ የተመደበን ጥናት ሊሽር አይችልም፤ ነገር ግን በዕጣ የተመደቡት ጥናቶች ስለእነዚህ ሰዎች የሚናገሩት እጅግ ጥቂት ነው። ለእነርሱ «ጠብቅ» የሚለውን ቃል እንደ ደንብ መጠቀም ጥናቶቹ ያልሰጡትን ሥልጣን መውሰድ ይሆናል።

በራዲካልስ መጠበቅ ማለት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየአራት ወሩ የሚደረግ የፒ.ኤስ.ኤ. ምርመራና ውጤቱ እንደተለወጠ የሚገኝ የጨረር መሣሪያ ማለት ነበር። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ እንደነበር ይታወቃል፤ ተራ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነም የጤና ባለሙያው ያውቀዋል። የአሜሪካ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2024 ጨረሩ ፒ.ኤስ.ኤ. ከ0.5 ሳያልፍ እንዲሰጥ ሲመክር፣ ሌላ ሰፊ የመዝገብ ጥናት ደግሞ ከ0.25 በላይ ማሳለፍ ከሞት መጨመር ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ምርመራውን በየአራት ወሩ የት እንደሚያደርግ፣ ውጤቱን ማን እንደሚያየው፣ ቁጥሩ ሲያድግም ስንት ወር ተራ እንደሚጠብቅ ሳይታወቅ «እንከታተልሃለን» ቢባል፣ የሚሰጠው ሕክምና ራዲካልስ የፈተነው ሳይሆን የቀድሞዎቹ ጥናቶች የንጽጽር ቡድን ያገኘው ይሆናል።