እየቀነሱ ማደግ

«ጂጂ አሜሪካ ሄዳ ዜማዋን አበላሸችው» የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። ሥራዎቿን በተራ ለሰማ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም።

የቻግኒዋ ልጅ እጅጋየሁ ሽባባው በ2001 (እ.ኤ.አ.) በስሟ ያወጣችውን አልበም ያቀናበረው ቢል ላስዌል ነው፤ እነ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተርም አጅበዋታል። አልበሙን እወደዋለሁ። ሆኖም ድምጿ አንዳንዴ ከቤዙና ከኪቦርዱ ጀርባ ይከለላል። ሆዷ ሲባባ ሙዚቃው ቶሎ ደርሶ ያቅፋታል።

በ2003 አቢሲኒያ ኢንፊኒት በሚል የቡድን ስም በወጣው «ዛየን ሩትስ» ይህ እቅፍ ላላ። አኩስቲክ መሣሪያዎች ፊት መጡ። ትንፋሿ፣ ቃል ስትጎትት፣ ድምጿ ሊሰበር ሲል፣ ሁሉም ይሰማል። ለእኔ ደፋሩ ለውጥ ይሄኛው ነው፤ መደበቂያ የለውማ! እኛ ገደብ ያለን ሰዎች ይህን ከቡናችን እናውቀዋለን፦ የታጠበ ቡና ጣዕሙ ጥርት የሚለው ልጣጩና የሚያጣብቀው ነገር ሲነሳለት ነው።

በ2006 «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» ሲወጣ ኤሌክትሮኒክ ድምፁና ምቱ በረታ። የአልበሙ ስም ሰምና ወርቃችንን ያስታውሳል። እኔ ግን ወርቁን ያገኘሁት ሰሙ በሳሳበት በቀደመው ሥራ ላይ ነው።

ዛሬ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ትራክ የምትደራርቡ ልጆች፣ ሦስቱን አልበሞች በተከታታይ ስሟቸው። ከዚያ የራሳችሁን ዘፈን ክፈቱና አንድ ነገር አጥፉበት።