«ክሪስማ»፦ የአንድ ሰው ዘውድ ወይስ የጉባኤው ሁሉ ቅባት?

በመድረኮቻችን ላይ «ቅባት» የሚለው ቃል በአብዛኛው የአንድ ሰው መለያ ሆኗል። «ቅባት ያለበት አገልጋይ» እንላለን፤ በትምህርቱ ወይም በገንዘብ አያያዙ ላይ ጥያቄ ሲነሣ ደግሞ «እግዚአብሔር የቀባውን አትንኩ» የሚል መልስ ይሰጣል። ይህ ጽሑፍ አጠቃቀሙን የሚተቸው በ1ኛ ዮሐንስ 2፥20 እና 27 ከሚገኘው «ክሪስማ» ከተባለው የግሪክኛ ቃል ተነሥቶ ነው።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ቃል ባዶ ጆሮ ይዘን አንሰማውም። ስሜን ውስጥ የምትገኘውን ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ደጃዝማች ውቤ ናቸው፤ ለራሳቸው ንግሥ እንዳዘጋጇትም ይነገራል። በ1847 ዓ.ም. ግን ውቤን በጦርነት ድል ያደረጉት ካሣ ኃይሉ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። ከዓመታት በኋላ ቀቢው ጳጳስ በተቀባው ንጉሥ ትእዛዝ መቅደላ ላይ ታሰሩ፤ በ1860 ዓ.ም. እዚያው እንደ ታሰሩ ዐረፉ። ይህን የማነሣው ንጉሡን ለመውቀስ አይደለም። ቅባት በአንድ ራስ ላይ ብቻ እንደሚፈስ፣ ከፈሰሰ በኋላም ያፈሰሰው እጅ እንኳ ሊያርመው እንደማይችል የሚያስብ ልማድ ከእኛ ጋር እንዳለ ለማሳየት ነው። ጥያቄው ይህ ልማድ የአዲስ ኪዳን ነው ወይ የሚል ነው።

«መቀባት» የተባለው «ክሪዮ» የሚለው ግስ በአዲስ ኪዳን አምስት ጊዜ ይገኛል። አራቱ ስለ ኢየሱስ ናቸው (ሉቃ. 4፥18፤ ሐዋ. 4፥27፤ 10፥38፤ ዕብ. 1፥9)። በአምስተኛው ጳውሎስ ራሱን ከቆሮንቶስ ምእመናን ጋር አጣምሮ ይናገራል (2ኛ ቆሮ. 1፥21)። ድውያን በዘይት የሚቀቡበት ግስ ሌላ ነው፤ «አሌይፎ» (ማር. 6፥13፤ ያዕ. 5፥14)። አማርኛው ሁለቱንም «መቀባት» ስለሚላቸው ልዩነቱ ይሰወርብናል።

«ክሪስማ» የሚለው ስም ደግሞ ሦስት ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ ሦስቱም በዚህ የዮሐንስ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው። በሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ይኸው ቃል አሮን የተቀባበት የክህነት ዘይት ነው (ዘጸ. 29፥7)። ዮሐንስ የካህኑን ቃል ወስዶ «እናንተ» ለሚላቸው ሁሉ ይሰጣል። የሲናይቲኩስና የቫቲካኑስ ጥንታዊ ቅጂዎች በቁጥር 20 «ፓንቴስ» ማለትም «ሁላችሁ» ታውቃላችሁ የሚል ንባብ አላቸው፤ ይህም አሳቡን ያጠነክረዋል። ከዚያም በላይ «ክሪስቶስ»፣ «አንቲክሪስቶስ» እና «ክሪስማ» የአንድ ሥር ቃላት ናቸው። ስለዚህ የቅባቱ ሥራ አስተማሪን ከጥያቄ መከለል አይደለም። ምእመናን ከመጀመሪያ በሰሙት እውነት ጸንተው አሳቹን እንዲለዩ ማስቻል ነው።

«ታዲያ ቁጥር 27 አስተማሪ አያስፈልግም ማለቱ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። አይደለም፤ ዮሐንስ ራሱ በዚህች መልእክት እያስተማረ ነው። የሚቃወመው ከጉባኤው ወጥተው አዲስ እውቀት አለን የሚሉትን ነው። ዶድ የተባለው ዌልሳዊ ሊቅ ክሪስማን የተሰበከው ቃል አድርጎ ተረድቶታል፤ አብዛኞቹ መንፈስ ቅዱስ ነው ይላሉ። በእኔ እይታ ሁለተኛው ይበልጣል። ይሁን እንጂ በየትኛውም አተረጓጎም ተቀባዩ ጉባኤው ነው።

መዝሙር 105፥15ስ? በዚያ «የተቀቡት» በቁጥር ጥቂት የሆኑ መጻተኞች፣ አብርሃምና ዘሮቹ ናቸው፤ የሚገሠጹት ደግሞ ነገሥታት ናቸው። ደካማውን ከኃያል ለመጠበቅ የተነገረውን ቃል እኛ ኃያሉን ከደካማው ጥያቄ ለመጠበቅ ተጠቅመንበታል። ዳዊት በሳኦል ላይ እጁን አላነሣም፤ ነገር ግን በሰው ሁሉ ፊት ሞግቶታል (1ኛ ሳሙ. 24)። ዳዊትም ራሱ ተቀብቶ ሳለ ናታን ገሥጾታል።

መሪዎችን ማክበር ትእዛዝ ነው (ዕብ. 13፥17)። ሽማግሌ ሲከሰስ ግን ጳውሎስ ምስክሮች እንዲሰሙ፣ ኃጢአቱ ከተረጋገጠም በሁሉ ፊት እንዲገሠጽ ያዛል (1ኛ ጢሞ. 5፥19-20)። አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «የተቀባውን አትንኩ» ሲባል ስትሰማ፣ ጥያቄውን ያቀረበችው እኅትም ከዚያው ቅባት እንደ ተቀበለች አስብ።