ስሙ ሲና ነው

«ከሼክስፒር የምትወደውን ትዕይንት ምረጥ» ሲባል አብዛኛው ሰው ይዞ የሚመጣው ትዕይንት ሳይሆን ንግግር ነው። ሐምሌት ብቻውን ቆሞ ከራሱ ጋር የሚሟገትበትን፣ አንቶኒ በቄሣር ሬሳ ላይ የሚናገረውን። ማንበቡን እኔም እወደዋለሁ፤ የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሐምሌት» ድምፅ ከፍ ተደርጎ እንዲነበብ የተተረጎመ ነው የሚመስለኝ። በቡድን ለመጫወት ሲሆን ግን ጥያቄው ይለያል፤ አንዱ ሲናገር ሌሎቻችን ምን እንሠራለን? እንደ ወንበር መቆም ከሆነ በቃ፣ ያ የአንድ ሰው ሥራ ነው።

በዚህ መለኪያ የ«ማክቤዝ» ግብዣ ጥሩ ነው። ንጉሡ ያስገደለውን ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል፤ እንግዶቹ የሚያዩት ንጉሡን ብቻ ነው። እንዳላየ ሆኖ መቀመጥ ራሱን የቻለ ትወና ነው።

የኔ ምርጫ ግን «ጁሊየስ ቄሣር» ገቢር 3፣ ትዕይንት 3 ነው። 40 መስመር ገደማ ብትሆን ነው፤ ድሮ ብዙ አዘጋጆች ቆርጠው ያወጧት ነበር። ቄሣር ተገድሏል፣ አንቶኒ ሕዝቡን አነሳስቷል፣ ከተማው ሊቃጠል ነው። ሲና የሚባል ገጣሚ ወደ ቀብር ሲሄድ አራት ሰዎች ያስቆሙታል። ስምህ ማነው? ወዴት ነህ? የት ትኖራለህ? አግብተሃል? መጀመሪያ ላይ ያስቃል፤ ሰውየው እየቀለደ ነው የሚመልሰው። ችግሩ ከገዳዮቹ አንዱም ሲና ይባላል። እኔ ገጣሚው ነኝ ቢላቸው አንዱ እንግዲያው ስለ መጥፎ ግጥሙ ይገደል ይላል።

ታሪኩ ከፕሉታርክ የተወሰደ ነው። ፕሉታርክ ጋር ሕዝቡ ተሳስቶ ነው የሚገድለው፤ ሌላኛው ሲና መስሎት። ሼክስፒር ስህተቱን አስቀድሞ ያርመዋል። ሰዎቹ ሌላ ሰው መሆኑን ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፣ ስሙ ይበቃል ብለው ይገድሉታል። ኦርሰን ዌልስ በ1937 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ተውኔቱን ፋሺስቶችን በሚያስታውስ ልብስ ሲያቀርብ ብዙ የተወራለት ይኸው ትዕይንት ነበር።

ከቡድናችን አንዱ «ይሄ ለኛ በጣም ይቀርባል፣ ይለፈን» አለ። ልክ ነው፣ ይቀርባል። መንገድ ላይ ቆሞ ስሙን እስከ አያቱ የተጠየቀ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። እኔ የምፈልገውም ለዚህ ነው። ሮማ ውስጥ ስለሆነ ማንም የኔን ወገን ነካችሁ አይልም፤ ተመልካቹም ሳቁ የት ላይ መቆም እንደነበረበት ራሱ ያስበዋል።

ሲናን ማን ይጫወት ለሚለው፣ አምስት ሰው ነው የሚፈልገው፣ ደቂቃዎች ነው የሚወስደው። አምስት ጊዜ እንጫወተው። ቅድም የጠየቀው ቀጥሎ ይጠየቅ።