የሦስት ሳምንት እንግዳ ምስክርነት

ደጋፊ የሚባል ፍጡር መቼም ጉደኛ ነው። የደመወዙን ግማሽ ለአውሮፕላን ትኬት ገብሮ፣ ስሟን በቅጡ መጥራት የማይችላት ከተማ ገብቶ፣ ዘጠና ደቂቃ ጮኾ፣ ድምፁ ተዘግቶ ይመለሳል። ይመለስና ደግሞ ስለዚያ አገር ሕዝብ ምስክር ይሆናል። ‹‹እንዴት ያሉ ደጋጎች መሰሏችሁ!›› ይላል፤ ወይም ‹‹እግራችሁን እንዳታነሱ!›› ይላል። እኛም እናምነዋለን። ሄዶ ያየ ነዋ!

የዛሬው ወጌ ስለዚህ ምስክርነት ነው፤ ማስረጃዬ ደግሞ ዩክሬን ናት። እንግዳ ደጋፊን በተመለከተ እንደ እሷ አስቀድሞ የተፈረደባት፣ ወዲያው ደግሞ በነፃ የተለቀቀች አገር አላውቅም። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጥራቸው፤ ውድድሩም የእነሱ ነው።)

በ2012 ፖላንድና ዩክሬን የአውሮፓን ዋንጫ በጋራ አዘጋጁ። ውድድሩ ሊጀመር አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሜይ 28፣ ቢቢሲ ‹‹ፓኖራማ›› በተሰኘው ፕሮግራሙ ‹‹የጥላቻ ስታዲየሞች›› የሚል ዘገባ አቀረበ። ፊልሙን ያየ ሰው ቶሎ አይረሳውም። በሁለቱ አገሮች ሜዳዎች የናዚ ሰላምታ የሚሰጥ ሕዝብ ይታያል፣ በጥቁር ተጫዋች ላይ የዝንጀሮ ጩኸት ይሰማል። ካርኪቭ ባለው የሜታሊስት ስታዲየም ደግሞ ጥቂት የእስያ ተማሪዎች በተቀመጡበት ይደበደባሉ። ከዚያ ሶል ካምቤል ይመጣል። የአርሰናል ደጋፊ የሆናችሁ አታጡትም፤ ለእንግሊዝም በአምበልነት የተጫወተ ተከላካይ ነው። የተቀረጸውን አሳይተው ለደጋፊው ምን ትመክራለህ ቢሉት፣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በቴሌቪዥን እዩት፣ አለዚያ በሬሳ ሣጥን ልትመለሱ ትችላላችሁ አለ።

በዚያው ሰሞን የቲዮ ዋልኮት አባትና ወንድም ጥቃት ፈርተን ዩክሬን አንሄድም ብለው ነበር። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም የአፍሪካ፣ የካሪቢያንና የእስያ ዝርያ ያላቸው መንገደኞች የበለጠ እንዲጠነቀቁ መከረ። እንግዲህ አስቡት። ልጅ የአገሩን ማሊያ ለብሶ ሊጫወት ይሄዳል፤ አባት በቆዳው ቀለም ምክንያት ይቀራል።

ውድድሩ ተጀመረ። እንግሊዝ ዶኔትስክ ላይ ከፈረንሳይ 1 ለ 1 ወጣች፤ ኪየቭ ላይ ስዊድንን 3 ለ 2 አሸነፈች። በዚህኛው ጨዋታ ዋልኮት ተቀይሮ ገብቶ አንድ አገባ፣ የዌልቤክንም የማሸነፊያ ጎል እሱ ነው ያመቻቸው። ስዊድኖቹ ቢሸነፉም ዲኒፐር ወንዝ መካከል ባለች ደሴት ላይ ድንኳን ተክለው፣ ቢራቸውን ይዘው ከትመዋል። ሆላንዶች ካርኪቭን ብርቱካንማ አለበሷት፤ ሦስቱንም ጨዋታ እዚያው ተሸንፈው በሰላም ወደ ቤታቸው ገቡ። እንግዳውን የዘረፈ ቢኖር ሆቴሉ ነው። የያኔው የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረት ፕሬዚዳንት ሚሼል ፕላቲኒ እንኳ ዋጋ የሰቀሉትን ባለሆቴሎች ሽፍቶች ብሎ እስከ መሳደብ ደርሶ ነበር።

ጁን 19 እንግሊዝ ዶኔትስክ ላይ ከባለሜዳዋ ዩክሬን ጋር ተገናኘች። (የዴቪች ኳስ መስመሩን አልፋ ነበር፤ ዳኞቹ አላዩዋትም እንጂ። ይህን ቂም እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።) የእንግሊዝ ደጋፊዎች በዚያ ሰሞን ሬሳ ሣጥን ተሸክመው በዶኔትስክ ጎዳና ሰልፍ ወጡ። ‹ካምቤል ሆይ ተሳስተሃል› ለማለት ነው። ጋዜጦቹ ፎቶውን ተቀባበሉት፤ አገሬውም ተደሰተ። እንደምንም ብሎ ቤቱን ጠርጎ፣ መንገድ ዘርግቶ፣ ስታዲየም ሠርቶ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ‹ነፍሰ ገዳይ› ሲባል ቢከፋው፣ ‹ደግ› ሲባል ቢስቅ አይፈረድበትም። ክርክሩም ያኔ የተዘጋ መሰለ፦ ቢቢሲ ተሳሳተ፣ ዩክሬን ነፃ ወጣች።

እኔ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። ፊልሙም ሣጥን ተሸካሚዎቹም የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ‹እኛ ስንሄድ ምን እንሆናለን?› የሚል። አንዱ ‹ትሞታላችሁ› አለ፣ ሌላው ‹ይኸው አልሞትንም› አለ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን በየክፍሉ አሰለች የነበረ ጥያቄ አለ፦ ተራኪው ማን ነው? የሚያየውስ በማን ዓይን ነው? ፊልሙን በዚህ ጥያቄ እንየው። ካርኪቭ ላይ የተደበደቡት እነማን ናቸው? እንግሊዞች አይደሉም፣ መንገደኞችም አይደሉም። በዚያች ከተማ የሚማሩ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍሉ፣ ገበያዋን የሚያውቁ ልጆች ናቸው። ከሁሉም የሚያሳዝነው፣ ይደግፉ የነበረው ያንኑ የከተማውን ክለብ ነው! የተደበደቡት በገዛ ሜዳቸው ነው እንግዲህ። ፊልሙ ይህን ድንቅ ነገር በእጁ ይዞ ሳለ ምን አደረገው? ልጆቹን የመንገድ ምልክት አደረጋቸው፤ ‹አደገኛ ኩርባ፣ የእንግሊዝ ደጋፊ ተጠንቀቅ!› የሚል ምልክት። ዋንጫው ካለቀ፣ እንግዳውም በሰላም ከገባ በኋላ ምልክቱ ተነቀለ። ልጆቹስ? ልጆቹማ እዚያው ናቸው፤ የሚቀጥለው ሴሚስተር ይጠብቃቸዋል።

ይህን የምለው በምኞት አይደለም። ኦክቶበር 20 ቀን 2015 ዲናሞ ኪየቭ ቼልሲን በኦሊምፒክ ስታዲየም ሲያስተናግድ ጥቁር ተመልካቾች መቀመጫቸው ላይ ተደበደቡ። ከለንደን የመጡ የቼልሲ ደጋፊዎች አይደሉም፤ በባለሜዳው በኩል ተቀምጠው የነበሩ ናቸው። ኅብረቱም ዲናሞ ያለ ተመልካች እንዲጫወት ቀጣ። ሬሳ ሣጥኑ ከተሳለቀ ገና ሦስት ዓመቱ ነው።

ደግሞ እንግሊዝን የጨዋነት ዳኛ አድርጋችሁ እንዳትሾሙብኝ። በዚያው በ2015፣ ፌብሩዋሪ ላይ፣ ፓሪስ የሄዱ የቼልሲ ደጋፊዎች አንድን ጥቁር ሰው ከምድር ባቡር በር ላይ እየገፈተሩ አላሳፍር ሲሉ በቪዲዮ ተቀርጸዋል። ሰውየው የፓሪስ ነዋሪ፣ እነሱ የሁለት ቀን እንግዶች!

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካርኮቭ የተማረ ባልደረባ ነበረኝ። (በእነሱ ጊዜ ካርኮቭ ነው የሚባለው።) በሶቪየት ዘመን ወደ ኪየቭ፣ ኦዴሳና ካርኮቭ ከሄዱት ብዙ የአገራችን ልጆች አንዱ ነው። አንድ ቀን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ‹‹ጋሼ፣ ሰዎቹ እንዴት ናቸው?›› አልኩት።

‹‹በስንት ሰዓት?›› አለኝ።

መጀመሪያ የቀለደ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደም። ጠዋት የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሰልፉ እንዳያስመልጠው ዳቦ ደብቃ ትጠብቀዋለች፤ ብርድ ሲመታው እናቷን ልካ ሾርባ አጠጥታዋለች። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ደግሞ የማይረግጣቸው ሁለት መንገዶች ነበሩ። ‹‹አንተ አገር ስትጠይቀኝ ሰዓቱን ንገረኝ እንጂ›› አለኝ። የእንግዳው ደጋፊ ምስክርነት የጎደለው ይኸው ነው። እሱ የሚያውቀው የበዓሉን ሰዓት ብቻ ነው፤ ፖሊስ በየማዕዘኑ የቆመበትን፣ ካሜራ የተደረደረበትን፣ አስተናጋጁ ሁሉ እንግሊዝኛ የተለማመደበትን።

በዓሉ ውሸት ነው አላልኩም። በ2018 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ኪየቭ ላይ ሲሆን፣ ሊቨርፑልና ሪያል ማድሪድ ማለቴ ነው፣ የሆቴል ዋጋ እንደገና ሰማይ ነካ። የበረራ መሰረዝም መጣና ወደ ሺህ የሚጠጉ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ትኬታቸውን እንደያዙ ቀሩ። ያኔ የኪየቭ ነዋሪዎች ምን አደረጉ? በኢንተርኔት ተጠራርተው፣ ሶፋችንና አልጋችን በነፃ ነው፣ ኑና እደሩ አሉ። አንድ ሳንቲም የለም! ይህን ያደረጉት ሕዝቦች ናቸው፤ ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት ምግብ ቤት የተቀመጡ የሊቨርፑል ደጋፊዎችን የደበደቡትም እዚያው ከተማ ያደጉ ቦዘኔዎች ናቸው። ሁለቱንም አንድ ከተማ ወልዷቸዋል።

በነገራችን ላይ የሊቨርፑሎች መሰብሰቢያ የሼቭቼንኮ መናፈሻ ነበር። ቀይ ለብሰው ሲዘፍኑ የዋሉት በታላቁ ባለቅኔ በታራስ ሼቭቼንኮ ሐውልት ዙሪያ ነው። ሼቭቼንኮ ገባር ሆኖ የተወለደ ሰው ነው፤ በ1838 ወዳጆቹ ሥዕል በሎተሪ አሽጠው በ2,500 ሩብል ከጌታው ነፃ አወጡት። በ1858 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ አይራ አልድሪጅ ከተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ተዋናይ ጋር ተገናኘ፤ አልድሪጅ ለሼክስፒር ትያትር የመጣ እንግዳ ነበር። ሁለቱ ቋንቋ ባይገጥማቸውም ወዳጆች ሆኑ፤ ሼቭቼንኮም ምስሉን ሳለው። የቀድሞ ገባርና የባርነት አገር ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው! የኪየቭ ቱሪዝም ሰዎች ይህን ታሪክ ለደጋፊው በራሪ ወረቀት ላይ ቢያትሙት ከቢራ ዋጋ ዝርዝር ይሻል ነበር እላለሁ።

ዛሬ ወደ ዩክሬን የሚጓዝ እንግዳ ደጋፊ የለም። ለ2012 ዋንጫ ተብሎ የተገነባው የዶኔትስክ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ ተርሚናል በ2014 በተጀመረው ውጊያ፣ በ2015 ጃንዋሪ ላይ ፍርስራሽ ሆኖ አለቀ። ሻክታር ዶኔትስክ በ2014 ከከተማው ወጥቶ እስካሁን አልተመለሰም፤ ልቪቭ፣ ካርኪቭ፣ ኪየቭ፣ ከዚያም ለአውሮፓ ጨዋታዎቹ ዋርሶና ሐምቡርግ ድረስ ‹ሜዳዬ› እያለ ተንከራተተ። ባለሜዳው ራሱ እንግዳ ሆነ።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ሩሲያ ወረራዋን ስትጀምር ካርኪቭ ገና ከመጀመሪያው ሰዓት ተደበደበች። ያ ባልደረባዬ ደወለልኝ። ቴሌቪዥን ላይ ካርታ ሲያሳዩ ዳቦ ቤቱ የነበረበትን መንገድ እየፈለገ ነበር። በዚያው ሳምንት የአፍሪካና የሕንድ ተማሪዎች በየባቡር ጣቢያውና በፖላንድ ድንበር ‹ቆዩ፣ ተራችሁ አይደለም› እየተባሉ ሲገፉ ታዩ፤ የአፍሪካ ኅብረትም ፌብሩዋሪ 28 ድርጊቱን አወገዘ። ካሜራው እንደገና ወደ እነሱ ዞረ፣ ለጥቂት ቀናት። ካርኪቭ ከቀሩት ውስጥ አንዱ ምግብ ሊገዛ በወጣበት በሩሲያ ድብደባ ተገደለ። ሰዎቹ ከሦስት ሳምንት በኋላ አስከሬኑን በሣጥን ወደ አገሩ ላኩት።