ካንሰር ንጉሥ ነው እንዴ?

ስለ ካንሰር አንድ መጽሐፍ ጠቁመን ብትሉኝ የሲዳርታ ሙከርጂን «ዘ ኢምፐረር ኦፍ ኦል ማላዲስ» እላችኋለሁ። «የሕመሞች ሁሉ ንጉሠ ነገሥት» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሞ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ጸሐፊው የካንሰር ሐኪም ነው፤ ከባዱን ሳይንስ እንደ ታሪክ ይተርከዋል። እኔ የምከራከረው ከርዕሱ ጋር ነው።

ካንሰርን ንጉሥ ስንለው የሚያስብና የሚያደባ ጠላት ይመስለናል። ሲያገረሽም «በለጠን» እንላለን። የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል፣ የኢማቲኒብ (ግሊቬክ) ታሪክ፣ ግን ይህንን ሐሳብ ያፈርሰዋል።

ክሮኒክ ማየሎይድ ሉኬሚያ በአብዛኛው አዋቂዎችን የሚይዝ የደም ካንሰር ነው። የሚነዳው ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለ ፕሮቲን ነው፤ በርቶ አልጠፋ እንዳለ ማብሪያ ማጥፊያ አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ ፕሮቲኑ ላይ ያለች ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ገብቶ ያጠፋዋል። ታዲያ አንዳንዶች ላይ ለምን ያገረሻል? አንዱ ዋና ምክንያት የጎድጓዳዋ ቅርጽ በሚውቴሽን መቀየሩ ነው። ቁልፉ ያው ነው፣ ቀዳዳው ግን ሌላ ሆኗል። ሴሉ አስቦበት አይደለም እኮ! በአጋጣሚ የተቀየሩትን ሴሎች መድኃኒቱ ሳይገድላቸው ቀረ፤ እነሱም ተባዙ።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በሽታው ጠላት ነው ካልን መልሳችን «በርትቶ መምታት» ይሆናል። ቀዳዳው ተቀይሯል ካልን ግን መጀመሪያ እንጠይቃለን። ሕመምተኛው መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳል? የሚወስድ ከሆነ፣ የተፈጠረው ሚውቴሽን የትኛው ነው? እ.ኤ.አ. በ2006 የተፈቀደው ዳሳቲኒብ በብዙዎቹ ላይ ይሠራል፤ ቲ315አይ በሚባለው ላይ ግን አይሠራም። ለዚህኛው መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ሁለት መድኃኒቶች መጥተዋል። ፖናቲኒብ (2012) ያቺው ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን የደም ሥር የመዝጋት አደጋ አለው። አሲሚኒብ (2021) ደግሞ ጎድጓዳዋን ትቶ ፕሮቲኑን በሌላ ቦታ ይይዘዋል። መድኃኒቶቹ ካልሠሩ ለአንዳንድ ሕሙማን የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ አለ።

ጦርነት የሚለው አነጋገር እነዚህን ጥያቄዎች ይሸፍናቸዋል። ይባስ ብሎ ሕመሙ ያገረሸበትን ሰው «ተሸናፊ» ያደርገዋል፤ ያ ሰው ግን አልተሸነፈም፣ የሚያስፈልገው ምርመራና ሌላ መድኃኒት ነው። መጽሐፉን አንብቡት፣ ትወዱታላችሁ። ስለ ጠላትና ስለ ንጉሥ በሚያወራበት ቦታ ሁሉ ግን ቆም በሉና «እዚህ ጋ የተቀየረው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።