አንድ ሌባ ጣት ሲነሳ

ጌዶን አልፈን እጃጂ ላይ መኪናው ሲቆም አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ ዋሽንት መሰል ኡሉሌውን ይነፋ ነበር። ጣቶቹን ከቀዳዳዎቹ ሳያነሳ ትንፋሹን ጠበቅ አደረገው፤ ያው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ወጣ። ዋሽንትም ጠባዩ እንዲሁ ነው። ክላርኔት የሚነፋ ሰው ይህን ሲያይ ትንሽ ይቀናል።

ክላርኔት በኦክታቭ አይዘልም። ውስጡ ከላይ እስከ ታች ስፋቱ ብዙ አይለዋወጥም፤ 15 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በአፍ በኩል ደግሞ እንደ ተዘጋ ቱቦ ይሠራል። ስለዚህ ሲዘል ከኦክታቩ አልፎ አምስተኛው እርከን ላይ ያርፋል፤ የታችኛው ሚ ሲ ይሆናል። ሳክስፎን ግን ወደ ታች እየሰፋ ስለሚሄድ እንደ ዋሽንት በኦክታቭ ይወጣል። ከክራርና ከማሲንቆ ተነስቶ ወደ ሳክስፎንና ክላርኔት የተሻገረው ጌታቸው መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1949 አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሲገባ ገና ልጅ ነበር። ሁለቱን መሣሪያዎች የያዘ እጅ ሁለት የተለያዩ የጣት ሥርዓቶችን ለይቶ ማወቅ አለበት።

በክላርኔት ከፍ ያለ ድምፅ እንዴት እንደሚገኝ በአንድ የጣት አያያዝ ማየት ይቻላል። የግራ አውራ ጣት የኋላውን ቀዳዳ ይዝጋ። ሦስት የግራ ጣቶችና የቀኝ ሌባ ጣት ከፊት ይውረዱ። ዝቅተኛው ሲ ፍላት ይሰማል። አሁን አውራ ጣት ከቦታው ሳይለቅ ጫፉ ብቻ ዘንበል ብሎ ሬጅስተር ቁልፉን ይንካ። 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆነች ቀዳዳ ትከፈትና ፋ ይመጣል። ቀጥሎ የግራ ሌባ ጣት ይነሳ፤ የቀኝ ትንሿ ጣት ቁልፏን ትጨምር። ሬ ነው። ሦስት ፎቅ፣ አንድ ቤት። ትንሿ ጣት የምትጨመረው ያለ እሷ ሬው ትንሽ ስለሚወርድ ነው።

ሌባ ጣት ግን በርሮ መሄድ የለበትም። ወደ ታች ተንከባሎ ቀዳዳውን በከፊል ቢከፍት ይበቃዋል፤ ድምፁም ሳይፈነዳ ይሻገራል። ይህችን እንቅስቃሴ በዝግታ ስትሠራ ማየት ደስ ይላል፤ ከሩቅ የሚያይ ጣቱ የተንቀሳቀሰ አይመስለውም።

የቀረው የከንፈርና የሪድ ጉዳይ ነው። ሪዱ ሸምበቆ ነው፤ የዋሽንቱ ዘመድ። ጫፉ ተፍቆ ተፍቆ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ይሳሳል። በእሱና በአፍ መንፊያው ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት 1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ጀማሪ ከፍ ያለውን ድምፅ ሲፈራ መንጋጋውን ያጠብቃል። ያቺ ክፍተት ትዘጋለች፤ ትንፋሹ ይታፈናል፤ ወይ ፀጥታ ነው፣ ወይ ሲጥ የሚል ጩኸት። ሥራው የምላስ ነው። «ኢ» እንደሚሉ ጀርባዋ ከፍ ስትል መንገዱ ይጠብባል፤ ትንፋሹም ፈጥኖና ቀጥኖ ይሄዳል። የታችኛው ከንፈር ጥርስን በስሱ እንደሸፈነ ይቆያል።

የመሣሪያው እንጨትም ትዕግሥት የለመደ ነው። ዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን የሚባለው ባለ ጥቁር እንጨት ዛፍ በአገራችን ቆላዎችም ይበቅላል፤ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ እንጨቱን ውሃ ላይ ቢጥሉት ይሰምጣል።

ልምምዱ አጭር ነው። ሲ ፍላት አራት ምት፣ ፋ አራት ምት፣ ሬ አራት ምት፤ ከዚያ በመጡበት መመለስ። የመጨረሻው ሲ ፍላት እንደ መጀመሪያው ሞልቶ ከወጣ፣ ላይ በነበሩበት ጊዜ ከንፈሩ አልተነካም ማለት ነው።